ብርሃን የሚሰበሰብበት ተራ

እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 27 ቀን 1996 ጃፓን ውስጥ ቀይና አረንጓዴ የተሰኙት ፍጡራንን የሚያዋጉባቸው የመጀመሪያዎቹ ሁለት የፖኬሞን ጨዋታዎች ጌም ቦይ ለተባለው የእጅ መጫወቻ ሲወጡ፣ ከዕፅዋት ወገን ጥቃቶች ሁሉ ሶላር ቢም (የፀሐይ ጨረር) የተባለውን የሚስተካከል አልነበረም። ኃይሉ 120 ነው። ቀጥሎ የሚመጣው ፔታል ዳንስ 70፣ ሬዘር ሊፍ 55፣ ቫይን ዊፕ ደግሞ 35 ብቻ ነበሩ። በእሳትና በውኃ ፍጡራን ፊት ቅጠላቸውን እያወዛወዙ ለሚቆሙት ለነባልባሶርና ለነኦዲሽ፣ በመጨረሻ በእጃቸው የሚገባው ትልቁ መሣሪያ ይህ ነበር።

ያ ሁሉ ኃይል ግን ወዲያው አይገኝም። ተጫዋቹ ሲያዝ ፍጡሩ በመጀመሪያው ተራ ቆሞ የፀሐይ ብርሃን ይሰበስባል፤ የሚተኩሰው በሁለተኛው ተራ ነው። በመካከሉ ሐሳብ መቀየር የለም። ሌላ ጥቃት መምረጥም ሆነ ፍጡሩን አስወጥቶ ሌላ ማስገባት አይቻልም። ተቃዋሚው ደግሞ ይህን ሁሉ ያያል፤ ምን እንደሚመጣበትና መቼ እንደሚመጣበት አውቆ የሚዘጋጅበት አንድ ሙሉ ተራ ያገኛል።

ልጽፍ የፈለግሁት ስለዚህች አንዲት ተራ ነው። ብዙ ተጫዋቾች እንደ ጉድለት ያዩአታል፤ በተቻለ መጠን ሊያስወግዷት ይጥራሉ። እኔ የጥቃቱ ነፍስ እርሷ ናት ብዬ አምናለሁ። የጨዋታው ሠሪዎች ባለፉት ዓመታት በእርሷ ላይ ያደረጉት ነገር ደግሞ ቅር አሰኝቶኛል፤ ምክንያቱን አስረዳለሁ።

ፖኬሞን ተጫውቶ ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ልበል። ውጊያው በተራ የሚካሄድ ነው። እያንዳንዱ ፍጡር ወገን አለው፤ እሳት፣ ውኃ፣ ዕፅዋት፣ ዓለት፣ መሬት እያለ ይቀጥላል። የዕፅዋት ጥቃት የውኃ፣ የመሬትና የዓለት ወገኖችን እጥፍ ይጎዳል። ከሁለቱ ወገን የተወለደ ከሆነ፣ ለምሳሌ ዓለትም መሬትም የሆነው ጎለም፣ ጉዳቱ አራት እጥፍ ይሆናል። በሌላ በኩል ዕፅዋትን የሚቋቋሙት ወገኖች ሰባት ናቸው፦ እሳት፣ መርዝ፣ በራሪ፣ ነፍሳት፣ ድራጎን፣ ብረትና ራሱ ዕፅዋት። ከዚህ በላይ የተከበበ የጥቃት ወገን የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ የዕፅዋትን ጥቃት የሚመርጥ ሰው የት እንደሚያሳርፈው ማወቅ አለበት፤ ሶላር ቢምን የሚመርጥ ደግሞ መቼ እንደሚያሳርፈውም ጭምር።

ስሌቱ ከጅምሩ አልተባበረውም። በመጀመሪያዎቹ ጨዋታዎች ሬዘር ሊፍ ከባድ ምት የመምታት ዕድሉ እጅግ ከፍ ያለ ነበር፤ ያ ዕድል የሚለካው በፍጡሩ ፍጥነት ስለነበረ፣ ባልባሶር አድጎ የሚሆነው ቬነሶር ሲጠቀምበት ከ256 ጊዜ 255ቱን ከባድ ምት ይሆናል። ከባድ ምት ማለት በከፍተኛ ደረጃ ላይ ሁለት እጥፍ የሚጠጋ ጉዳት ነው። እንግዲህ 55 የተባለው ቅጠል በተግባር 110 ገደማ ሆኖ በየተራው ይወርዳል፤ ሶላር ቢም ግን 120ውን የሚሰጠው በሁለት ተራ አንድ ጊዜ ነው። ሲካፈል 60። በቁጥር የሚያስብ ሰው በ1996 ሶላር ቢምን የሚመርጥበት ምክንያት አልነበረውም።

የሚገኝበት ጊዜም ሌላ ፈተና ነው። ባልባሶር አድጎ ቬነሶር ከሆነ በኋላ ሶላር ቢምን በራሱ የሚማረው ደረጃ 65 ሲደርስ ነው። በ2004 በወጣው በፋየር ሬድ የመጨረሻው ሻምፒዮን ዋና ፍጡር ደረጃው 63 ነበር። ጨዋታውን ጨርሶ፣ ዘውዱን ደፍቶ፣ ሶላር ቢምን ሳያይ የቀረ ልጅ ብዙ ነው። ትዕግሥት የሌለው ሰው ቲኤም 22 የተባለውን ዲስክ ፈልጎ ማስተማር አለበት፤ ዲስኩ የተቀመጠበት ቦታ ደግሞ ሁልጊዜ ይደንቀኛል። የዕፅዋት ባለሙያዋ ኤሪካ ባለችበት በሴላዶን ከተማ አይደለም ያለው። ሲናባር በምትባለው የእሳተ ገሞራ ደሴት፣ ሰው ጥሎት በሄደ ትልቅ ቤት ምድር ቤት ውስጥ ነው። ተጫዋቹ ወደዚያ የሚወርደው የእሳቱ መሪ የብሌንን የውጊያ አዳራሽ የሚከፍተውን ቁልፍ ፍለጋ ነው፤ ከቁልፉ ጋር በአንድ ወለል ላይ ሶላር ቢም ተቀምጦ ያገኘዋል። የዕፅዋት ትልቁ ጥቃት የሚገኘው በእሳት ደሴት ሆድ ውስጥ ነው። ይህ ነገር ቆይቶ የሚመጣውን ሁሉ አስቀድሞ የነገረን ይመስለኛል።

እኔ ጨዋታውን ያገኘሁት አክስቴ ከሜሪላንድ ለክረምት አዲስ አበባ ስትመጣ ነው። ልጇ ጌም ቦይ አድቫንስ ይዞ መጣ፤ ውስጡ ፋየር ሬድ ነበረ። በ2001 የወጣው ያ የመጀመሪያው ጌም ቦይ አድቫንስ መስታወቱን የሚያበራ መብራት አልነበረውም። በሁለት የባትሪ ድንጋይ ይሠራል፣ መብራት ቢጠፋም ግድ የለውም፤ ነገር ግን ብርሃን ካላገኘ ምስሉ አይታይም። በነሐሴ ደመና ቤት ውስጥ ተቀምጦ መጫወት ማለት ጥቁር መስታወት ማየት ነው። ስለዚህ አያቴ በረንዳ ላይ በርጩማዋን አውጥታ ፀሐይ ስትሞቅ እኛም ከእግሯ ሥር እንቀመጥ ነበር። «ዓይናችሁን ልታጠፉት ነው ልጆቼ» ትላለች፤ ደመናው ሲከፈት ደግሞ «ኑ ወደዚህ፣ ፀሐይዋ እዚህ ናት» ብላ ቦታ ትለቅልናለች።

ሶላር ቢምን መጀመሪያ ያየሁት እዚያ በረንዳ ላይ ነው። ቬነሶር ጀርባውን ሰጥቶን በመስታወቱ ግራ በኩል ቆሟል። ትእዛዙ ሲሰጥ ከየአቅጣጫው ትንንሽ የብርሃን እንክብሎች ወደ ሰውነቱ መጉረፍ ጀመሩ፤ የፀሐይ ብርሃን እየወሰደ መሆኑን የሚገልጽ መስመር ከታች ተጻፈ፤ ከዚያ ምንም አልሆነም። ተቃዋሚው መታው። የቬነሶር የሕይወት መስመር ከአረንጓዴ ወደ ቢጫ ወረደ። የአክስቴ ልጅ መሣሪያውን ወደ ፀሐይዋ አዘነበለው። በሚቀጥለው ተራ ብርሃኑ ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው ተወረወረና የተቃዋሚው መስመር እስከ መጨረሻው ተሟጠጠ። ሁለታችንም ጮኽን፤ አያቴ ደነገጠች።

ያን ያህል የጮኽነው ፍጡሩ ምቱን ችሎ በመቆሙ ነው። በመካከል ያለችው ተራ ባትኖር ኖሮ ሌላ ጥቃት ሆኖ ያልፍ ነበር። ፍጡሩ ቆሞ እየተመታ፣ ይተርፍ ይሆን ወይስ ብርሃኑን እንደያዘ ይወድቅ ይሆን የሚለው ጥያቄ በዚያች ተራ ውስጥ ነው ያለው። በአብዛኞቹ የእሳትና የኤሌክትሪክ ጥቃቶች ውስጥ እንዲህ ዓይነት ጭንቀት የለም፤ ታዛለህ፣ ይመታል፣ ይሳታል፣ ያልቃል።

ዕድሜዬ ከፍ ሲል ደግሞ ከሰው ጋር መጫወት ያችን ተራ በሌላ ዓይን እንዳያት አደረገኝ። ኮምፒውተሩ በደንብ አያስብባትም፤ ሰው ግን ያስባል። ሶላር ቢም እየተሰበሰበ መሆኑን ያየ ተቃዋሚ አራት ያህል መንገድ አለው። ፕሮቴክት የሚባለውን መከላከያ አንስቶ ጥቃቱን ባዶ ያስቀረዋል። ወይም ዕፅዋትን የሚቋቋም ሌላ ፍጡር ያስገባል። ወይም እኔ ቆሜ ስሰበስብ በነፃ የሚያገኛትን ተራ ራሱን ለማጠናከር ይጠቀምባታል። ወይም ደግሞ ደፍሮ ይመታኛል፣ ከመተኮሴ በፊት እጥለዋለሁ ብሎ። ከአራቱ የትኛውን እንደሚመርጥ ማየት ስለዚያ ሰው ብዙ ይናገራል። ፈሪው ይከልላል፣ ጥንቁቁ ይቀይራል፣ ስግብግቡ ይጠናከራል፣ ቁጡው ይመታል። በቀሪው ውጊያ ውስጥ ይህ እውቀት ከ120 ኃይል በላይ ጠቅሞኛል። ሶላር ቢም ባይመታ እንኳ ተቃዋሚዬን እንዲናገር ያስገድደዋል።

ሌላም ምክንያት አለኝ። ከዕፅዋት ጥቃቶች ሁሉ የተክልን አኗኗር በትክክል የያዘው ይህ ነው። ቅጠል መወርወር፣ በሐረግ መግረፍ፣ ይህን ሁሉ ተክል አያደርገውም፤ ከእንስሳ የተዋሰው ነው። ብርሃን መሰብሰብ ግን የተክል ሥራ ነው። የትምህርት ቤት ባዮሎጂን ለሚያስታውስ ሰው ሌላም ነገር ይታየዋል፤ ፎቶሲንተሲስ ራሱ ሁለት ደረጃ አለው። በመጀመሪያው ደረጃ ቅጠሉ ብርሃንን ተቀብሎ ጉልበቱን በኬሚካል መልክ ያስቀምጣል፤ በሁለተኛው፣ ብርሃን በቀጥታ በማይፈልገው ደረጃ፣ ያን ጉልበት ተጠቅሞ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ስኳር ይሠራል። ሁለተኛውን ደረጃ በዝርዝር ያጠናው ሜልቪን ካልቪን በ1961 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ተሸልሞበታል። አንድ ተራ መሰብሰብ፣ አንድ ተራ ማውጣት። የጨዋታው ፈጣሪ ሳቶሺ ታጂሪ በልጅነቱ ነፍሳት እየሰበሰበ ያደገ ሰው ነው፤ ተፈጥሮን ቀርቦ ያየ ሰው የሠራው ጨዋታ ውስጥ ይህን ማግኘቴ አያስገርመኝም።

ከዚያ በ1999 ወርቅና ብር የተሰኙት ጨዋታዎች መጡ፤ የአየር ጠባይም አብሮ ገባ። ሰኒ ደይ በሚባል ጥቃት ለ5 ተራ ሰማዩን ማጥራት ተቻለ። ፀሐይ በወጣ ጊዜ ሶላር ቢም አይጠብቅም፤ በዚያው ተራ ይተኮሳል። ዝናብ ሲዘንብ ደግሞ ጉዳቱ በግማሽ ይቀንሳል። ይህ ለውጥ በጣም ብልህ ነበር። ጥበቃዋ አልጠፋችም፤ ከፍጡሩ ወደ ሰማዩ ተዛወረች። አንዲቷን ተራ ብርሃን ከመሰብሰብ ይልቅ ለሁሉም የሚሆን ፀሐይ ለማውጣት ታጠፋታለህ፤ ከዚያ በኋላ ያሉት ተራዎች በነፃ ይመጣሉ። ኤሪካም ይህን ተምራ ነበር፤ በእነዚያ ጨዋታዎች ላይ የምታስገባው ቤሎሶም ሰኒ ደይንም ሶላር ቢምንም አንድ ላይ የያዘ ነበር። እርሷን በቀላሉ አልፋለሁ ብሎ ለገባ ልጅ ከባድ ትምህርት ነው።

ፀሐይዋ ቀስ በቀስ የዕፅዋት ቤት ሆነች። በ2002 ሩቢና ሳፋየር ሲወጡ ክሎሮፊል የሚባል ተፈጥሯዊ ችሎታ መጣ፤ ይህ ችሎታ ያለው ተክል በፀሐይ ውስጥ ፍጥነቱ እጥፍ ይሆናል። ሲንተሲስ በተባለው ጥቃት ራሱን የሚፈውስ ፍጡር በፀሐይ ከሕይወቱ ሁለት ሦስተኛውን ይመልሳል። ቀርፋፋ፣ ተከላካይና መርዝ ነስናሽ የነበሩት ተክሎች ሰማዩ ሲጠራ ሌላ ፍጡር ሆኑ። በዚያ ዘመን የነበረው ሚዛን እስከ ዛሬ ከምወዳቸው ነው፤ ኃይሉ የሚገኘው ለሰማዩ በተሠራ ሥራ ልክ ነበር።

የቅሬታዬ ምንጭ እዚህ ላይ ይጀምራል። ፀሐይ የምትጠቅመው ለተክል ብቻ አይደለም። በጨዋታው ሕግ የእሳት ጥቃቶችን በ50 በመቶ ታጠናክራለች፣ የውኃ ጥቃቶችን በ50 በመቶ ታዳክማለች። አሁን የእሳትን ድክመቶች ቁጠሩ፦ ውኃ፣ መሬት፣ ዓለት። የዕፅዋት ጥቃት እጥፍ የሚጎዳቸውን ቁጠሩ፦ ውኃ፣ መሬት፣ ዓለት። ዝርዝሩ አንድ ነው። የእሳት ወገን የሆነ ፍጡር ሶላር ቢምን ከያዘ፣ የሚያሸንፉትን ሁሉ የሚያሸንፍበት መሣሪያ ያዘ ማለት ነው። ጥበቃዋንም ፀሐዩ ያስቀርለታል፤ ፀሐዩ ደግሞ ለራሱ እሳት ሲል ቀድሞውኑ የሚያወጣው ነው።

ሠሪዎቹ ይህን በር ቀስ በቀስ ከፈቱት። መጀመሪያ የመሬት ወገን የሆነው ግራውዶን መጣ፤ ወደ ሜዳ ሲገባ በራሱ ፀሐይ የሚያወጣ፣ ሶላር ቢምን የሚማር፣ በሶላር ቢሙም የውኃውን ጌታ ካዮግርን የሚያስፈራራ። ግራውዶን ታላቅ አፈ ታሪካዊ ፍጡር ስለሆነ ይህ ይገባዋል አልኩ። ቀጥሎ የእሳት ፍጡሩ ቻሪዛርድ በቲኤም 22 ሶላር ቢምን እንዲማር ተፈቀደለት። በ2010 በወጡት ጥቁርና ነጭ ናይንቴልስ የምትባለው የእሳት ቀበሮ እንደ ግራውዶን በመግባቷ ብቻ ፀሐይ የምታወጣበትን ችሎታ አገኘች። በ2013 ኤክስና ዋይ ሲወጡ ደግሞ ቻሪዛርድ ሜጋ ቻሪዛርድ ዋይ ሆኖ በመለወጡ ብቻ ፀሐይ የሚያወጣ ሆነ። ፀሐዩን ለማውጣት አንድም ተራ አያጠፋም፤ ሶላር ቢምንም ሳይጠብቅ ይተኩሳል፤ በእሳቱ ዕፅዋትን ያቃጥላል፣ በዕፅዋት ጥቃት ውኃን ይጥላል።

ስሌቱን ላሳያችሁ። የራሱን ወገን ጥቃት የሚጠቀም ፍጡር 50 በመቶ ጭማሪ ያገኛል፤ ስለዚህ የቬነሶር ሶላር ቢም 180 ይሆናል፣ የቻሪዛርድ 120 ላይ ይቀራል። ነገር ግን ደረጃ 100 ላይ ልዩ ጥቃት የተባለው፣ እንደ ሶላር ቢም ያሉ ጥቃቶችን የሚያጠናክረው መለኪያቸው ሙሉ በሙሉ ሲዳብር፣ ለጠባይ የሚሰጠውን ጭማሪ ሳንቆጥር፣ የሜጋ ቻሪዛርድ ዋይ 417፣ የቬነሶር 299 ይደርሳል። ሲባዛ የቬነሶር ብልጫ ከ8 በመቶ አይበልጥም። ለተክል የተፈጠረውን ትልቁን ጥቃት አንድ ዘንዶ መሰል የእሳት ፍጡር ከራሱ ከተክሉ ጋር ሊስተካከል ምንም ያህል ሳይቀረው ይተኩሰዋል፤ ተክሉ በምላሹ ቢተኩስበት ደግሞ እሳትም በራሪም የሆነው ቻሪዛርድ የሚደርስበት ጉዳት ሩቡ ብቻ ነው። የሲናባርን ምድር ቤት የማስታውሰው በዚህን ጊዜ ነው።

ያች የምወዳት ተራ እዚህ ውስጥ የለችም። ማንም አልጠበቀም፣ ማንም ተጋልጦ አልቆመም፣ ለሰማዩም የከፈለ የለም።

የአክስቴ ልጅ አድጎ፣ እኔም አድጌ፣ በኢንተርኔት መጋጠም ከጀመርን ቆይተናል። እዚህ ሌሊቱ ሲገፋ እዚያ ከሰዓት በኋላ ነው። እርሱ የዝናብ ቡድን ይወዳል፤ እኔ የፀሐይ። በአንዱ ምሽት ናይንቴልስ ፀሐይዋን አውጥታልኝ ሄዳለች፣ ቬነሶሬ ሜዳ ላይ ነው፣ ከፊቱ የቆመው ስዋምፐርት ነው። ስዋምፐርት ውኃም መሬትም ስለሆነ ለዕፅዋት አራት እጥፍ የተጋለጠ ነው። ሶላር ቢምን አዘዝኩ። በዚያው ተራ እርሱ ስዋምፐርትን አስወጥቶ ፖሊቶድን አስገባ። ፖሊቶድ ሲገባ ዝናብ ይዞ የሚገባ እንቁራሪት ነው፤ መቀያየር ደግሞ ከጥቃት ሁሉ ይቀድማል። ሊተኩስ የተዘጋጀው ቬነሶር በድንገት ዝናብ ውስጥ ቆሞ ብርሃን ሲለቅም አየሁት። ሰማይ ሳያዩ እህል እንደማስጣት ነው። ስልኬ ጮኸ። «ሰማይሽን ቀማሁሽ እኮ!» አለኝ እየሳቀ።

በቀጣዩ ተራ ቬነሶር ተኮሰ፤ ያቺ ግማሽ የሆነች ጨረር ፖሊቶድን ጎዳችው እንጂ አልጣለችውም። መልሶ በአይስ ቢም መታን። ያን ውጊያ ከምወዳቸው ውስጥ እቆጥረዋለሁ፤ ከቻሪዛርድ ጋር ካሸነፍኳቸው ብዙዎቹ ይበልጥ። በዚያች ተራ ውስጥ ሁለታችንም ስለ አንድ ሰማይ ስንከራከር ነበር። እርሱ ሶላር ቢም ሊመጣ እንደሚችል አውቆ ፖሊቶድን በጊዜው አስገባ፤ እኔ ዝናቡን እያየሁ መውጣት አልቻልኩም፤ ጥቃቱ አስሮኛል። ከዚያ በኋላ ናይንቴልስን እስከ መጨረሻ ማቆየት፣ ፖሊቶድ እስኪወድቅ ሶላር ቢምን አለማዘዝ የሚባል ሥርዓት ያዝኩ፤ እርሱም ፖሊቶድን መደበቅ ጀመረ። ውጊያችን ሁሉ ሰማዩን ማን መጨረሻ ላይ ይይዘዋል ወደሚል ተቀየረ።

ስለ ሌሎቹ ከባድ የዕፅዋት ጥቃቶች ባጭሩ ልንገራችሁ፤ ብዙ ጊዜ ከሶላር ቢም ጋር ይነጻጸራሉና። ፍሬንዚ ፕላንት በፋየር ሬድና ሊፍ ግሪን የመጣ ነው፤ በሁለተኛዋ ደሴት ጫፍ ላይ የምትኖር አንዲት አሮጊት የምታስተምረው፣ ተማሪውም ከአሳዳጊው ጋር ፍቅሩ ከልብ መሆን ያለበት። ኃይሉ 150 ነው፤ ከተመታ በኋላ ግን መቺው አንድ ተራ ደክሞ ይቆማል። ሊፍ ስቶርም ዛሬ 130 ነው፤ የሚያስከፍለው ከራሱ ከፍጡሩ ነው፣ ልዩ ጥቃቱ በሁለት እርከን ይወርዳል። ሁለቱም መትተው የሚከፍሉ ናቸው። ተቃዋሚው ከወደቀ ክፍያው ምንም አይደለም፤ በድካም ጊዜ የሚመታ ላይኖር ይችላል። ከሦስቱ ሶላር ቢም ብቻ ነው ቀድሞ የሚከፍለው። ብዙ ሰው ፍሬንዚ ፕላንትን ይመርጣል፣ ስሌቱም ትክክል ነው፤ እኔ ግን መጀመሪያ መትቶ በኋላ የሚያርፍ ተክል አይዋጥልኝም። ፓወር ኸርብ የሚባለውን ጥበቃዋን ለአንድ ጊዜ ብቻ የሚያስቀር ዕፅ ከ2006 ጀምሮ መስጠታቸውን ግን አልቃወምም፤ አንዴ ይሠራል፣ ያልቃል፣ ሌላ ዕቃ መያዣውን ቦታም ይወስዳል። ያም ክፍያ ነው።

አሁን ከፀሐይ ውጭ ሶላር ቢምን የሚይዝ ተጫዋች አይገኝም ማለት ይቻላል። ጊጋ ድሬይን የተባለው የዕፅዋት ጥቃት ከ2010 ጀምሮ ኃይሉ 75 ሆኖ በየተራው ይመታል፣ ካደረሰው ጉዳት ግማሹንም ለመቺው ሕይወት አድርጎ ይመልሳል። ሌላው የዕፅዋት ጥቃት ኢነርጂ ቦል 90 ሆኖ ያለ ቅድመ ሁኔታ ይመታል። ሁለት ተራ ቆጥሮ 120 ማን ይጠብቃል? ሠሪዎቹ ጥበቃዋን የሚያስቀሩ መንገዶችን ሲያበዙ፣ ጥበቃዋን ራሷን የሚክስ ነገር ከ1996 ጀምሮ አንድም አልጨመሩላትም።

መጨመር እንደሚችሉ ደግሞ ራሳቸው አሳይተዋል። ስከል ባሽ የተባለው የሁለት ተራ ጥቃት ከ1999 ጀምሮ በመጀመሪያው ተራ የመቺውን መከላከያ ከፍ ያደርጋል። በ2020 የመጣው ሜቲዎር ቢም የዓለት ወገን ነው፤ ኃይሉ እንደ ሶላር ቢም 120 ነው፣ እንደ እርሱም አንድ ተራ ይሰበስባል፤ ነገር ግን ሲሰበስብ ልዩ ጥቃቱ በአንድ እርከን ያድጋል። በ2023 አርካሉዶን ለተባለው ፍጡር የተሰጠው ኤሌክትሮ ሾት ከዚህም ያልፋል፦ ኃይሉ 130፣ ሲሰበስብ ልዩ ጥቃት ይጨምራል፣ ዝናብ ካለ ደግሞ ጭማሪውንም ጥቃቱንም በአንድ ተራ ይሰጣል። እነዚህ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ የሶላር ቢም ታናናሾች ናቸው፤ ከእርሱ ተምረው ከእርሱ የተሻለ ተሰጣቸው። አንጋፋው ግን እንደ ጥንቱ ባዶ እጁን ቆሞ ይመታል።

እኔ የምለምነው ይህንኑ ነው። በሚቀጥለው ጨዋታ ሶላር ቢም ብርሃን በሚሰበስብበት ተራ ልዩ ጥቃትን በአንድ እርከን ያሳድግ፤ የሚያሳድገው ግን መቺው የዕፅዋት ወገን ከሆነ ብቻ ይሁን። ለወገን የተለየ ጥቅም መስጠት በዚህ ጨዋታ አዲስ አይደለም፤ ቶክሲክ የተባለውን የመመረዝ ጥቃት የመርዝ ወገን የሆነ ፍጡር ሲጠቀምበት ዒላማውን እንዳይስት ከ2013 ጀምሮ ተደርጓል። ይህ ቢሆን ቬነሶር ያለ ፀሐይ ቆሞ ሰብስቦ ሲተኩስ 180ው በግማሹ አድጎ 270 ይሆናል፤ ለሁለት ሲካፈል በተራ 135 ነው፣ ጊጋ ድሬይን በራሱ ወገን እጅ ከሚደርስበት 112 ተኩል በላይ። ፀሐይ ባለበት ደግሞ ተጫዋቹ ይመርጣል፦ ወዲያው መተኮስ፣ ወይስ ፀሐይዋን ትቶ በደመና ሥር ለጭማሪው መጠበቅ። የአክስቴ ልጅ ፖሊቶዱን ይዞ ቢመጣ እንኳ፣ ዝናቡ ግማሹን ወስዶ 135 ይተርፈኛል፤ ዛሬ የሚተርፈኝ 90 ነው። ቻሪዛርድ ከዚህ ምንም አይጨመርለትም፤ ፀሐዩ ይበቃዋል።